ቅቤ የተቀነሰለት ዶሮ ወጥ

ለገና እናቴ ዶሮ ወጡን በሁለት ማንኪያ ቅቤ ብቻ ሠራችው። ሐኪም ለአባቴ «ቅቤ ቀንስ» ካለው ወዲህ ነው። እዚህ የካ ሚካኤል በዓል ያለ ጎረቤት አይበላም፤ አንዷ ጎረቤታችን ቀመሱና «ኧረ ባህሉን ገደላችሁት!» አሉ።

ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የትኛውን ባህል? በርበሬው ራሱ እንግዳ ነው እኮ! ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ ነው ከአሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቅድመ አያቶቻችን በበርበሬ የቀላ ወጥ አልበሉም። ኮረሪማው ግን የራሳችን ነው።

«የእቴጌ ጣይቱስ ግብር?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ከኛ በላይ ባለው ተራራ ለቀናት ተበልቷል። ያ ግን የቤተ መንግሥት ድግስ ነው። ገበሬው ቅቤውን ለገበያ፣ ለፀጉር፣ ለእንግዳ ነበር የሚያብቃቃው።

ደግሞ አሠራሩን እዩት። ዶሮዋ ቆዳዋ ተገፍፎ ነው 12 ብልት የምትወጣው፤ ስቡ አብሮ ይሄዳል። ሽንኩርቱም መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ወጡን የሚያወፍረው ሽንኩርቱ እንጂ ቅቤው አይደለም። እናቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው፦ ውሃ ጠብ እያደረገች ከሁለት ሰዓት በላይ አቁላላችው፣ ቅቤውን ለመዓዛ ያህል መጨረሻ ላይ ጣል አደረገች።

አባቴ ፈረሰኛውን አንስቶ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገው። ጎረቤታችን ንግግሬን እስከ መጨረሻው አልሰሙኝም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው እናቴን «ሽንኩርቱን ስንት ኪሎ አደረግሽው?» አሏት።