ግራጫ የማያውቀው ማሽን፦ ከምኒልክ ቴምብር እስከ ዛሬው አርማ

በአንድ ቀለም የሚያትም ማሽን ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ቀለም አለ፣ ወይ ባዶ ወረቀት ነው። ይህን ያላሰበ ዲዛይነር የድንጋይ ወይም የቆዳ ሸካራ መልክ ያለው አርማ ይሠራል። ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ማህተም ሲቀረጽበት ወይም ቲሸርት ላይ ሲያርፍ ግን ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ምስኪኑ አታሚ ላይ ነው።

ጣጣው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ሰባት ናቸው፤ በአራቱ ላይ የአፄ ምኒልክ ምስል፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። ቀራጩ ፈረንሳዊው ዩጂን ሙሾን ሲሆን የታተሙትም ፓሪስ ነው። እያንዳንዱ በአንድ ቀለም ብቻ ነው የታተመው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ። ታዲያ የንጉሡ ፊት ላይ ያለው ጥላ፣ የአንበሳው ጎፈር ከየት መጣ? ከመስመር። መጨለም ያለበት ቦታ መስመሩ ይወፍራል፣ ይጠጋጋል፤ መብራት ያለበት ቦታ ይሳሳል፣ ይራራቃል። ቀሪውን የሚሠራው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ግን በእጅ መስመር እየቀረጹ መዝለቅ አልተቻለም። እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1880 የኒውዮርኩ ዴይሊ ግራፊክ ጋዜጣ የአንድ የድሆች መንደር ፎቶ በቀጥታ አትሞ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ጌኦርግ ማይዘንባህ ለተመሳሳይ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። ፎቶው መስመር በተሰመረበት መስተዋት በኩል እንደገና ሲነሳ ወደ ነጠብጣብ ይለወጣል፤ ጨለማው ትልልቅ፣ ብርሃኑ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይሆናል። ቀለሙ ያው አንድ ነው።

ዛሬ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር በደቂቃ ይሠራዋል፤ የትኛው ጭረት ይቅር፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ግን አይወስንም። ቀለም ወረቀትና ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ይስፋፋል፤ መጀመሪያ የሚደፈኑት በጥቁሩ መሐል ያሉት ቀጫጭን ነጭ ክፍተቶች ናቸው። ስለዚህ ግራጫው ሁሉ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ነጭ ይለወጣል፤ ጥቃቅኑ ጭረት ተጠርጎ ጥቂቱ ጎላ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ለትንሽ መጠን ደግሞ ሸካራነቱ ጭራሽ የወጣለት ሌላ ቅጂ ይዘጋጃል። ሙከራውም መታተም ያለበት አርማው በሚያርፍበት ዕቃ ላይ፣ በትክክለኛው መጠኑ ነው።

አፕል ይህን ገና በጠዋቱ ነው ያየው። በ1976 ሮናልድ ዌን የሠራው የመጀመሪያው አርማ ኒውተንን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያሳይ በብዕር የተሣለ ሥዕል ነበር። መጀመሪያውኑ በጥቁር መስመር የተሠራ ቢሆንም ብዛቱና ቅጥነቱ ሲያንስ አላስቀምጥ አለው። በማግስቱ ዓመት ሮብ ጃኖፍ የተገመጠውን ፖም አመጣ፤ ግማጩ የገባው ፖሙ ሲያንስ ቼሪ እንዳይመስል ነው። ባለ ስድስት ቀለሙ ዝንጉርጉር እስከ 1998 ቆይቶ ወጣ። ቅርጹ ግን በአንድ ቀለም ቀጠለ።