የቀይ ባሕር የኮራል አኳሪየም፦ አብረው የሚኖሩ ዓሦች አመራረጥ

የኮራል አኳሪየም ሕይወት ያላቸው ኮራሎች፣ ዓሦችና ሌሎች የባሕር እንስሳት በአንድ የጨው ውሃ ገንዳ አብረው የሚያድጉበት ነው። በቤት ደረጃ ከ500 ሊትር በላይ የሚይዘው እንደ ትልቅ ይቆጠራል። አንድ ዓሣ ለእንዲህ ያለው ገንዳ ተስማሚ የሚባለው ኮራሉን ሳይበላ፣ ጎረቤቶቹን ሳያሳድድ፣ ራሱም ሳይሳደድ ለዓመታት መኖር ሲችል ነው። ይህን ከመልኩ ማወቅ አይቻልም። ምን እንደሚበላ፣ ሲጎለምስ ምን ያህል እንደሚሆን፣ በባሕር ውስጥ ብቻውን፣ በጥንድ ወይም በመንጋ እንደሚኖር አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ደግሞ ዓሦቹ ወደ ገንዳው የሚገቡበት ቅደም ተከተል ነው።

ይህ መጣጥፍ የቀይ ባሕርን ዓሦች በምሳሌነት ይወስዳል። በቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ከአሥሩ አንድ የሚበልጡት ከዚያና ከአካባቢው ውጭ አይገኙም። ለሳይንስ ካስተዋወቋቸው ቀደምት ሰዎች አንዱ ከዴንማርክ ንጉሥ ጉዞ ጋር ወደ ዓረብ ምድር የሄደው ፔተር ፎርስኮል ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሞተ፤ ማስታወሻዎቹን በ1775 ያሳተመው ከጉዞው የተረፈው ካርስተን ኒቡር ነው። ባለሁለት ቀበቶውን ክላውን ዓሣ በ1830 የመዘገበው ደግሞ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ቆይቶ በምጽዋ በኩል ወደ መሀል አገር ገብቶ ጎንደር ድረስ ዘልቋል።

የሰሜናዊው ቀይ ባሕር ውሃ በሺህ 40 ገደማ ጨው ይይዛል፤ የተለመደው የአኳሪየም ውሃ ግን በሺህ 35 ነው። ዓሦቹ ቀስ እያሉ ከተለማመዱ በ35 በጤና ይኖራሉ። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀትም ለእነሱም ለኮራሉም ይስማማል።

ኮራል የሚበሉ ዓሦች

ቢራቢሮ ዓሦች የቀይ ባሕር ጌጥ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከኮራል ጋር አይኖሩም። ኬቶዶን አውስትሪያከስ የተባለው ዝርያ የሚመገበው ኮራል ብቻ ስለሆነ፣ በገንዳ ውስጥ ወይ ኮራሉን ይጨርሳል ወይ ሌላ ምግብ አልበላም ብሎ በረሀብ ይሞታል። ይህን ዓሣ መግዛት በምንም ምክንያት አይደገፍም። ብጫው ኬቶዶን ሴሚላርቫተስ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የቀዘቀዘ ሽሪምፕና የተዘጋጀ ምግብ ይለምዳል፣ ከጥንዱም ጋር ተረጋግቶ ይኖራል። ያም ሆኖ ኮራል ከመንከስ አይመለስም፤ ቦታው ዓሣ ብቻ ያለበት ገንዳ ነው። ትልልቆቹ ኤንጀል ዓሦችም፣ ለምሳሌ ጥቁር ሰማያዊው ፖማካንተስ አስፈር፣ ለስላሳ ኮራሎችንና የሥጋ ኮራሎችን ይነካሉ።

ዕድሜም ባሕርይን ይለውጣል። ባለአራት መስመሩ ላራቢከስ በጨቅላነቱ ከሌሎች ዓሦች ገላ ላይ ጥገኛ ተውሳክ እየለቀመ ይኖራል። ሲጎለምስ ግን ምግቡ የኮራል ፖሊፕ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ የሚታየው ትንሹ ስለሆነ፣ ገዢው ጽዳት ሠራተኛ ያገኘ ይመስለዋል።

ኮራል የማይነካ ሁሉ ደግሞ ለገንዳው አይሆንም። አንበሳ ዓሣ ኮራሉን አይነካም፤ በአፉ የሚገባለትን ዓሣና ሽሪምፕ ግን ይውጣል። ትሪገር ዓሦች ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ይሰባብራሉ። አልጌ የሚያጸዱት እነዚህ ትንንሽ እንስሳት ካለቁ ገንዳው በአልጌ ይወረራል።

የክልል ጠብ

በትልቅ ገንዳ ውስጥ ከባዱን ጠብ የሚያነሱት ታንግ ወይም ሰርጅን ዓሦች ናቸው። በጅራታቸው ግርጌ በግራና በቀኝ የተሳለ እሾህ አላቸው፤ ሲጣሉ ጎን ለጎን ሆነው በእሱ ይቧጨራሉ። ቁስሉ ቶሎ ይመረዛል። ጥላቻቸው ሁሉንም ዓሣ እኩል አይመለከትም። የገላ ቅርጹ፣ ቀለሙና ምግቡ የሚመሳሰለውን እንደ ተቀናቃኝ ያዩታል፤ አንቲያስ ወይም ጎቢ የተባለው ዓሣ በአጠገባቸው ቢያልፍ ግድ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ሐምራዊው ዘብራሶማ ዛንቱረም ከዘመዱ ከዘብራሶማ ዴስጃርዲኒ ጋር የሚገባ ከሆነ፣ ገንዳው ሰፊ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢገቡና መጠናቸው ቢለያይ ይመረጣል። አንዱ ከወራት በፊት ገብቶ ክልሉን ከያዘ ለኋለኛው ሰላም የለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሶሃል ታንግ ነው። ስሙ ዓረብኛ ነው፤ ፎርስኮል እንዳለ ወሰደው። በተፈጥሮ ማዕበል በሚመታው የኮራል ሪፍ ጫፍ ላይ የአልጌ ማሳውን ይዞ ሌላውን ሁሉ ያባርራል። ሱቅ ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህለው ዓሣ 40 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከ1,000 ሊትር በታች ለሆነ ገንዳ አይመከርም፤ ለሰፊውም ቢሆን አንድ ሶሃል ብቻ፣ ያውም ከታንጎች ሁሉ መጨረሻ መግባት አለበት። ለእንዲህ ያለ ዓሣ ከሊትሩ ይልቅ ሳይዞር የሚዋኝበት ርዝመት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ዝቅ ያለ ገንዳ ያንኑ ያህል ውሃ ከሚይዝ ወደ ላይ የረዘመ ጠባብ ገንዳ ይሻላል። በሊትር ይህን ያህል ዓሣ የሚለው የድሮ ስሌት ለኮራል ገንዳ አይሠራም።

አዲስ ዓሣ ሲገባ ጠብን የሚያበርዱ የታወቁ ዘዴዎች አሉ። እንግዳው ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ለጥቂት ቀናት በገንዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ነባሮቹ ያዩታል፣ ሊነክሱት ግን አይችሉም። ድንጋዮቹን ማዘዋወርም የቀድሞውን ድንበር ያፈርሳል። ሆኖም ኮራል በተተከለበት ገንዳ ድንጋይ ማንሳት ቀላል ስላልሆነ ሳጥኑ ይመረጣል።

ጾታ የሚለውጡ ዓሦች

ብርቱካናማው አንቲያስ የቀይ ባሕር ሪፍ ዋና መለያ ነው። የሚኖረው ብዙ ሴቶች በጥቂት ወንዶች ዙሪያ ተሰብስበው ነው። ሌቭ ፊሸልሰን በ1970 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳየው፣ ወንዱ ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ለገዢው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ወንዶች መግዛት ለጠብ ይዳርጋል፤ አንድ ወንድና ከአምስት ያላነሱ ሴቶች፣ ወይም ሴቶችን ብቻ መግዛት ግን ይበቃል።

በክላውን ዓሣ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል። ሃንስና ሲሞኔ ፍሪከ ይህንኑ ባለሁለት ቀበቶውን ክላውን ዓሣ አጥንተው በ1977 ውጤቱን አሳትመዋል። ሁለት ልጅ ዓሦችን አብሮ ማስገባት ጥንድ ለማግኘት የሚያስተማምን መንገድ ነው። ሦስተኛ ከገባ ይሳደዳል። የሚኖሩበት አኔሞን የተባለው የባሕር እንስሳ ግን ሳይታሰብበት መግባት የለበትም፤ በገንዳው እየተዘዋወረ የደረሰበትን ኮራል ይናደፋል።

የጾታው ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ በጠባዩ ሐምራዊው ሱዶክሮሚስ ፍሪድማኒ፣ በኢላት የባሕር ምርምር ላይ በሠራው በዴቪድ ፍሪድማን ስም የተሰየመው፣ ለጀማሪም ልምድ ላለውም የምመርጠው ነው። ከ7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቤተሰቦቹ በጠበኛነት ሲታወቁ እሱ የዋህ ነው። በገንዳ ተራብቶ የሚሸጥ ስለሆነም የተዘጋጀ ምግብ ወዲያው ይበላል።

ምግብና በሽታ

አንቲያስ ቀኑን ሙሉ ተንሳፋፊ ጥቃቅን እንስሳት እየለቀመ የሚኖር ዓሣ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚመገብ ከሆነ እየከሳ ይሄዳል፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት ግድ ነው። ይህ ሁሉ ምግብ ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር፣ ጠንካራ የአረፋ ማጣሪያ የሌለው ሰው ብዙ አንቲያስ መያዝ የለበትም። ታንጎች በበኩላቸው በየቀኑ የባሕር ቅጠል ይፈልጋሉ፤ የጠገበ ታንግ ጠቡ ይቀንሳል።

ነጭ ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ክሪፕቶካሪዮን ኢሪታንስ የተባለ አንድ ሕዋስ ያለው ተውሳክ ነው። በገላቸው ላይ የሚከላከል ዝልግልግ ሽፋን የሚያንሳቸው ታንጎች ከሌሎች ቀድመው ይያዛሉ። መድኃኒቱ ኮፐር (መዳብ) ቢሆንም ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል፤ ስለዚህ በዋናው ገንዳ ውስጥ ማከም አይቻልም። አዲስ ዓሣ ሁሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ኮራል በሌለበት ማቆያ ገንዳ መቆየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው አንዴ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ፣ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን ለሁለት ወር ተኩል ያህል ያለ ዓሣ መተው ያስፈልጋል፤ ተውሳኩ ዓሣ ካላገኘ ያልቃል።

ቅደም ተከተል

ገንዳው ተረጋግቶ ኮራሎቹ ሥር ከያዙ በኋላ መጀመሪያ ዓይን አፋሮቹ ይገባሉ፦ ጎቢዎች፣ ፍሪድማኒና ፍላሸር ሬስ። ፍላሸር ሬስ ሲደነግጥ ከውሃ ዘሎ ስለሚወጣ ገንዳው በመረብ መሸፈን አለበት። አንቲያሶቹ በአንድ ቀን በሙሉ ይከተላሉ። ጥንዱ ክላውን ዓሣ ጥግ ይዞ ሌላውን ማባረር ስለሚጀምር ከእነሱ በኋላ ይግባ። ታንጎች የሚመጡት ሌሎቹ ሁሉ መጠጊያ ካገኙ ከወራት በኋላ ሲሆን፣ ሶሃል ካለ ከሁሉም በኋላ ይገባል። ዳሲለስ የተባሉት ርካሽ ጥቁር ዓሦች ብዙ ጊዜ ገንዳ ለማስጀመር ተብለው ይሸጣሉ። ሲያድጉ ከኋላቸው የሚመጣውን ሁሉ ስለሚያባርሩና ድንጋዩን ሳያፈርሱ ማጥመድ እጅግ ስለሚያስቸግር፣ ለጅማሬም ቢሆን አይግቡ።