ኤሮቢክ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እና የደም ቅባት፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ሴቶች የተዘጋጀ መረጃ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአገራችን፣ በተለይም በከተማ ነዋሪ ሴቶች ዘንድ እየጨመረ የመጣ የጤና ችግር ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት ያለባቸው በ1992 ዓ.ም 3 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም 8 በመቶ ደርሰዋል። ውፍረት ከሚያስከትላቸው ችግሮች አንዱ የደም ቅባት መዛባት ነው። ችግሩ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ የደም ሥሮችን በማጥበብ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። መኖሩም በአብዛኛው የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

ብዙ ሴቶች እንቅስቃሴ ከጀመሩ በኋላ ክብደታቸው ባለመቀነሱ ተስፋ ቆርጠው ያቋርጣሉ። ሆኖም ሚዛን ላይ ለውጥ ባይታይም በደም ውስጥ ጠቃሚ ለውጥ ሊኖር ይችላል።

ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚለካው እንዴት ነው?

ክብደት በኪሎ ግራም ተለክቶ፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለ ይባላል። ለምሳሌ 1.60 ሜትር ቁመትና 77 ኪሎ ግራም ክብደት ያላት ሴት በዚህ ደረጃ ላይ ትገኛለች። የወገብ ዙሪያ ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑም በሆድ አካባቢ የተከማቸ ስብ መኖሩን ያመለክታል።

በምርመራ ውጤት ላይ የሚታዩት የቅባት ዓይነቶች

ልኬታቸው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይገለጻል።

• ትራይግሊሰራይድ፦ ከ150 በታች ሊሆን ይገባል።
• ኤችዲኤል (ጠቃሚ ኮሌስትሮል)፦ ለሴቶች ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው።
• ኤልዲኤል (ጎጂ ኮሌስትሮል)፦ ዝቅ ያለ መሆኑ ይመረጣል። ተገቢው መጠን ግን እንደ ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ሌሎች ሁኔታዎች በሐኪም ይወሰናል።

እንቅስቃሴ ምን ለውጥ ያመጣል?

ጡንቻዎች ሲሠሩ በደም ውስጥ ያለውን ትራይግሊሰራይድ የሚሰብረው ኢንዛይም ሥራው ይጨምራል፤ ቅባቱም ለኃይል ምንጭነት ይውላል። ስለዚህ ኤሮቢክ እንቅስቃሴ ይበልጥ የሚቀንሰው ትራይግሊሰራይድን ነው። ኤችዲኤል በመጠኑ ሊጨምር ይችላል፤ ለውጡ ግን ወራትን ይወስዳል። ኤልዲኤል በእንቅስቃሴ ብቻ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ለዚህ አመጋገብን ማስተካከል፣ በተለይም የሚረጋ ዘይት፣ ቅቤና ጮማ መቀነስ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ከክብደት 5 በመቶ ያህሉን መቀነስ የትራይግሊሰራይድን መጠን ያሻሽላል።

አንድ ጊዜ የተሠራ እንቅስቃሴ በትራይግሊሰራይድ ላይ ያለው ውጤት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። በመሆኑም በ2011 ዓ.ም የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ የመንገድ ቀን መነቃቃትን የሚፈጥር ቢሆንም፣ በወር አንድ ቀን መንቀሳቀስ ብቻውን በቂ አይደለም።

ምን ያህል? እንዴት?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ዝቅተኛው መጠን በሳምንት ለ5 ቀናት በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት፣ ዋናና ጭፈራ ተስማሚ ናቸው። በእንቅስቃሴው ወቅት መናገር የሚቻል ነገር ግን መዝፈን የሚያዳግት ከሆነ መጠኑ ትክክለኛ ነው።

ለጀማሪ በቀን 10 ደቂቃ በደልዳላ መንገድ መራመድ በቂ ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይቻላል። ጉልበትን ከጉዳት ለመጠበቅ ዝላይና ሩጫ በጅማሬው አይመከሩም። ብቻቸውን መውጣት የማያመቻቸው ሴቶች ከጎረቤት ወይም ከማኅበር አባላት ጋር በቡድን ቢራመዱ ይበረታታሉ።

አስቀድመው ሐኪም ማማከር ያለባቸው

የልብ ሕመም፣ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ እንዲሁም በቅርቡ የወለዱ ሴቶች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሴቶች በእንቅስቃሴ ወቅት የደም ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል ልዩ ምክር ያስፈልጋቸዋል። የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆምና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

• የክብደት፣ የወገብ ዙሪያና የደም ግፊት ልኬት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ማግኘት ይቻላል።
• የደም ቅባት ምርመራ በሆስፒታሎችና የቤተ ሙከራ አቅሙ ባላቸው ሌሎች የጤና ተቋማት ይሰጣል።
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያቸው በመሄድ የሪፈራል ሥርዓቱን ይከተሉ።
• ከምርመራው በፊት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይወስዱ መቆየት ሊጠየቅ ይችላል፤ ውሃ መጠጣት አይከለከልም።
• እርግዝና የደም ቅባትን ስለሚጨምር ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህንኑ አስቀድማ ትግለጽ።
• እንቅስቃሴ ከጀመሩ ከ3 ወር ገደማ በኋላ በድጋሚ መመርመር ለውጡን ለመገምገም ይረዳል።

ማሳሰቢያ

የእግር ጉዞ የጀመረች ሴት በሐኪም የታዘዘላትን የኮሌስትሮል መድኃኒት በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ የለባትም። እንቅስቃሴው መድኃኒቱን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያቀደች ሴት ግን ስለ መድኃኒቱ ሳትዘገይ ሐኪሟን ታማክር።