ፍጥነቱ ብቻ አልበቃም

ዱባይ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ የባሕር ውኃን በርካሽ ያጣራል ያሉን ካርቦን ናኖቲዩብ የት ደረሰ? እዚህ የምንጠጣው ከባሕር የተጣራ ውኃ ነው፤ እሱን ግን አላየሁትም።»

እውነቱን ነው፤ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ብያለሁ። እንግዲህ ዕዳዬን ልክፈል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እነዚህን እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ። በ2001 እነ ገርሃርድ ሁመር በኮምፒውተር ስሌት የሚገርም ነገር አሳዩ፦ የቱቦው ግድግዳ ውኃን አይወድም፤ ውኃው ግን ይገባል፣ ሞለኪውሎቹም አንድ በአንድ ተሰልፈው ሽው ብለው ያልፋሉ። በ2006 ካሊፎርኒያ፣ ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ውስጥ ቱቦዎቹን ማጣሪያ አድርገው ሲሞክሩ፣ ውኃው የተለመደው የፍሰት ቀመር ከሚለው ከሺህ እጥፍ በላይ ፈጥኖ ወጣ። እኔም ይህን ይዤ ነው ክፍል የገባሁት።

ታዲያ ምን ያዘው? አንደኛው ጨው ነው። ቱቦው ከአንድ ናኖሜትር በታች ካልጠበበ ጨውም አብሮ ያልፋል። እንዲህ የጠበቡትን በቢሊዮን ደርድሮ፣ በመሃላቸው ክፍተት ሳይተዉ በሰፊው ማምረት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛውን ያኔውኑ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ጨውን ከውኃ መለየት ራሱ ጉልበት ይበላል። ከባሕር ውኃ ግማሹን አጣርቶ ለማውጣት፣ ማጣሪያው የፈለገውን ያህል ቢፈጥን፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ግድ ነው። ዛሬ የሚሠራበት የፖሊመር ማጣሪያ ደግሞ ከ1960 ገደማ፣ ከሎብና ከሱሪራጃን ሥራ ጀምሮ ሲሻሻል የኖረ ነው። ጥሩ የሚባሉት ጣቢያዎች በጠቅላላው 3 እና 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ከዚህም ከፊሉ የሚሄደው ውኃውን ከባሕር ለመሳብና ቀድሞ ለማጥራት ነው፤ እሱን ፈጣን ቱቦ አይቀንሰውም።

ምርምሩ አልቆመም። በ2017 0.8 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ቱቦዎች ከሰፋፊዎቹም በላይ ውኃ እንደሚያፈጥኑ ታይቷል። ርካሽ ውኃ ይመጣል ያልኩት ግን ችኮላ ነበር። የሚቆጨኝ፣ የኦስሞሲስ ግፊትን ቀመር በዚያው ሰሌዳ ላይ ጽፌላችሁ ሁለቱን አለማገናኘቴ ነው።

ሌላም እንዲህ ቃል የገባሁላችሁ ነገር ካለ፣ ከታች አስታውሱኝ።