ቴፑ የሰወረብን ቤዝ

የድሮ ዘፈን በተነሳ ቁጥር ድምፃዊው ይወደሳል፣ ሳክስፎኑ ይወደሳል፤ ቤዝ ጊታር የተጫወተውን ግን ስሙን የሚጠራ የለም። እኔ በአድማጩ አልፈርድም። ጥፋቱ የቴፑ ነው።

አሊ ቢራ በልጅነቱ የተቀላቀለው አፍረን ቀሎ እዚሁ ድሬ ዳዋ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲነሳ፣ ኤሌክትሪክ ቤዝ ለዓለምም ገና አዲስ ነበር። ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ገበያ ያወጣው በ1951 ነው። በ1975 ግን ማሕሙድ አሕመድ "እረ መላ መላ"ን ከአዲስ አበባው አይቤክስ ባንድ ጋር ሲያስቀርጽ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር።

እኔ በዚያ ዘፈን ያደግሁት በትንሽ ካሴት ማጫወቻ ነው። ቤዝ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር! ከዓመታት በኋላ ከዚራ አንድ ወዳጄ ቤት በ15 ኢንች ስፒከር ሰማሁት፤ ለካ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ኖሯል።

የቤዝ ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ያንን ለማሰማት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት፤ መዳፍ የምታህል ስፒከር አትችለውም። ቤዝ ከሊድ ጊታር የበለጠ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር የሚፈልገውም ለዚሁ ነው። በጊታር አምፕ ቤዝ ሰክቶ ድምፁን እስከ ጥግ የሚለቅ ሰው የስፒከሩን ወረቀት ሊቀድደው ይችላል።

እንግዲህ ታይዋን ገበያ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ (ስንቱን አይተናል!)። የስፒከሩን ስፋት እዩ፣ ሳጥኑን አንሱት፤ ለመጠኑ ከቀለለ ተጠራጠሩ። ከዚያ ማሕሙድን ክፈቱና ጆቫኒን ፈልጉት።