መርከብ ባሕር ዳር ብቻ አይወለድም

ራቤል ተቀምጦ ስለ ጦር መርከብ መጻፍ ያስቃል። አውቃለሁ፤ ሳቁና እንቀጥል። ግሼ ደጋ ነው። ገብስ አለ፣ በግ አለ፣ ባና አለ። ባሕር የሚባል ነገር ካለ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን እዚሁ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ስለ ቀይ ባሕር ሲያወራ ወሬው ወደ እኛ ጠረጴዛ ተሻገረ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል አደራጅተን ጨረስን። አንዱ ፍሪጌት ገዛ፣ ሌላው ሚሳኤል ጫነበት፣ ሦስተኛው "ሰርጓጅ ከሌለማ ምን ዋጋ አለው!" አለ። ጥግ ይዘው ሻያቸውን የሚጠጡ አንድ አዛውንት ሲሰሙን ቆዩና፣

"ልጆቼ፣ ገዛችሁ እንበል። ስትበላሽስ ማን ይሠራታል?" አሉን።

"የሸጠልን አገር ነዋ ጋሼ!"

"ከሱ ጋር የተጣላችሁ ዕለትስ?"

ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገባ። ታሪክ ሳገላብጥ ደግሞ ጥያቄው የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ከ1,500 ዓመት በፊትም ነበረ።

60 እና 10

ስለ ባሕር ታሪካችን ስናወራ አዱሊስን መጥራት እንወዳለን። እስቲ እኛም ከዚያ እንጀምር። በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ የናግራንን ክርስቲያኖች የፈጀውን የሂምያር ንጉሥ ሊወጋ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ስለ ናግራን ሰማዕታት በግሪክኛ የተጻፈው ገድል የመርከቦቹን ዝርዝር ይነግረናል። 60ዎቹ ከየወደቡ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ከአይላ፣ ከክሊስማ፣ ከፋርሳን ደሴቶች፣ ከህንድም ጭምር። ንጉሡ በዚያው ክረምት ያሠራቸው ግን 10 ነበሩ።

ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። በዚያ ገናና ዘመን እንኳ ከ7 መርከብ 6ቱ የሰው ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ደግሞ አንድ ነገር ጽፏል። በቀይ ባሕርና በህንድ የሚሠሩ መርከቦች በሚስማር አይመቱም፤ ሳንቃው ከሳንቃ ጋር በገመድ ይሰፋል። በዘመኑ ሰዎች ምክንያቱን ሲያወሩ "እዚያ ባሕር ውስጥ ብረት የሚስብ ዐለት አለ" ይሉ ነበር። ፕሮኮፒየስ ይህን ተረት ነው ይላል፤ የሮማ መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው እዚያው ባሕር ላይ ሲሄዱ ምንም አልሆኑምና። በሱ አባባል እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ሕንዶችም ኢትዮጵያውያንም በቂ ብረት የላቸውም፤ ከሮማውያን እንዳይገዙም ሕግ ይከለክላል፤ ሲሸጥ የተያዘ ቅጣቱ ሞት ነው።

ስለ ብረት እጥረቱ የጻፈው ሊያከራክር ይችላል። በገመድ የተሰፋ መርከብም የድህነት ምልክት አይደለም፤ በህንድ ውቅያኖስ ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራ ጥበብ ነው። ሕጉን ግን ተመልከቱ። ዛሬ ማዕቀብ የምንለው ነገር ያኔም ነበር። የአዛውንቱን ጥያቄ ካሌብም ሳያውቀው አይቀርም።

አጼ ቴዎድሮስ የጠየቁት

አሁን ወደ ጣና እንዝለል። ዘመኑ 1858 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝ ንግሥት መልእክት ይዞ ከመጣው ቡድን ጋር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ በኋላም እስረኛ የሆነው፣ ያየውን ጽፏል። አጼ ቴዎድሮስ በጣና ዳር ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በጎናቸው መሽከርከሪያ ጎማ አስገጠሙላቸው። ጎማው የሚዞረው በእንፋሎት ሳይሆን በሰው እጅ ነበር። ንጉሡ በወሬ የሰሙትን የእንፋሎት መርከብ በታንኳ ጥበብ ሊሠሩት ሞከሩ ማለት ነው።

እዚህ ጋ መሳቅ ቀላል ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ እንዲላክላቸው የጠየቁት ዝርዝር ነው፤ ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭ፣ ጀልባ ሠሪ። ጀልባ ላኩልኝ አላሉም። ጀልባ ሠሪ ላኩልኝ ነው ያሉት። እኛ ሻይ ቤት ውስጥ ፍሪጌት ስንገዛ ያልገባን ነገር ለሳቸው ከ150 ዓመት በፊት ገብቷቸዋል።

ያልገባቸው ደግሞ ሌላው ነው። እንግዳን በእግር ብረት አስሮ ሙያውን መጠየቅ አይሆንም። ባለሙያዎቹ እስከ ምፅዋ መጡና እስረኞቹ አልተፈቱም ተብሎ ከዚያው ተመለሱ። በ1860 ዓ.ም. የመጣው የናፒየር ጦር ነው። በጋፋት የተሠራው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም መቅደላ ላይ ቀረ።

"ኢትዮጵያ" የምትባል መርከብ

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል አቋቋሙ። ዋና ሠፈሩ ምፅዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አሥመራ ሆነ። የኖርዌይ መኮንኖች አሠልጣኝ ሆነው መጡ። በባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካም የሶቪየትም የጦር መርከቦች ምፅዋ ላይ ለእንግድነት ይሰለፉ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ "ኢትዮጵያ" ትባል ነበር። 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ስትመጣ ግን አዲስ አልነበረችም። የቀድሞ ስሟ "ኦርካ" ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። ወደ ውኃ የገባችው በ1942 እ.ኤ.አ. ሲሆን የት እንደተሠራች ስታውቁ ትገረማላችሁ። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሌክ ዋሽንግተን ከሚባል ሐይቅ ዳር ነው! ሐይቁ ከባሕር ጋር የሚገናኘው በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ አብዮት መጣ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጥን። የአዛውንቱ "የተጣላችሁ ዕለትስ?" ይኸው ደረሰ። ዋናዋ መርከብ አሜሪካ ሠራሽ፣ አዲሱ ወዳጅ ሶቪየት። ፍሪጌቱም የሚሳኤል ጀልባውም ከሞስኮ መምጣት ጀመረ፤ በእንግሊዝኛ የተማረ መካኒክ የሩሲያኛ መመሪያ ተሰጠው። ሶቪየቶች ከሶማሊያ ሲባረሩ ከበርበራ ያወጡት ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በመጨረሻ ዳህላክ ላይ ቆመ። መጠገኛው ግን የነሱ ነው። መርከቡም ከነሱ፣ መለዋወጫውም ከነሱ፣ መጠገኛውም የነሱ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች አሰብን ለቀው ተበተኑ። "ኢትዮጵያ" የመን ገባች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የቆዩት በ1996 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ቀረቡ። ስሟ "ኢትዮጵያ" የሆነ መርከብ በኪሎ ተሸጠች ብሎ መጻፍ ልብ ይሰብራል። ይበልጥ የሚሰብረው ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ መርከቦቹ ሲሄዱ፣ አዲስ መርከብ ሊሠራ የሚችል ፋብሪካ በእጃችን አለመቅረቱ ነው።

ታዲያ ምን ይጠይቃል?

የዘመኑ ጦር መርከብ መሥሪያ ትልቅ ጋራዥ አይደለም። መጀመሪያ ነዳፊዎች አሉ፤ መርከቡ በማዕበል እንዳይገለበጥ ክብደቱን የሚያሰሉ። ቀጥሎ ብረቱ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ይቆረጣል። መርከቡ ከታች ወደ ላይ እንደ ቤት አይገነባም፤ ቧንቧውና ገመዱ ውስጡ ተዘርግቶ ባለቀ ብሎክ በብሎክ ተሠርቶ በክሬን ይገጣጠማል። እያንዳንዱ ወሳኝ ብየዳ በራጅ ወይም በድምፅ ሞገድ ይመረመራል። ከዚያ ሞተሩ፣ ራዳሩ፣ መድፉ አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየውና ዋጋ የሚያስወጣው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ለዓመታት የሚቀጥል ጥገና። መርከብ ስትገዙ የምትከፍሉት ቀብዱን ነው ማለት ይቻላል።

"ይህ ለእኛ ሕልም ነው" የሚል አይጠፋም። ቃኘው ሻለቃ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዋጋላት ኮሪያ በ1972 እ.ኤ.አ. ኡልሳን ላይ መርከብ መሥሪያ ስትጀምር የሚያምናት አልነበረም። የሀዩንዳዩ ቹንግ ጁ ዩንግ ብድር ፍለጋ እንግሊዝ ሄደው፣ የኤሊ ቅርጽ ያለው ጥንታዊ የጦር መርከብ የታተመበትን የ500 ዎን ብር አውጥተው "እኛ ይህን ስንሠራ ኖረናል" እንዳሉ ይተረካል። ብልሃቱ ግን ብሩ ላይ ብቻ አልነበረም። ሰዎቻቸውን ስኮትላንድ ልከው አስተማሩ፣ ንድፍ ገዙ፣ መጀመሪያ የነዳጅ መርከብ ሠሩ። ፍሪጌት ወደ ውኃ ያስገቡት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ንግዱ ቀደመ፣ መድፉ ተከተለ።

"እነሱ ባሕር አላቸው" ትሉ ይሆናል። እሺ። ስዊዘርላንድስ? ባሕር የላትም፤ ዊንተርቱር ከተማዋ ላይ ሱልዘር የተባለው ኩባንያ የነደፋቸው የመርከብ ሞተሮች ግን የዓለምን ባሕር ዞረዋል። ዲዝል የመጀመሪያ ሞተሩን የሠራው ከባሕር ርቃ በምትገኘው አውግስቡርግ ነው። ሐይቅ ዳር ተወልዳ ምፅዋ የደረሰችውን መርከባችንንም አትርሱ። ከመርከብ ብዙው ክፍል የሚሠራው ባሕር በማይታይበት ቦታ ነው።

ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋምና መምሪያው ባሕር ዳር ከተማ እንደሚሆን ሲሰማ ስንት ቀልድ ተቀለደ! እኔም ቀልጃለሁ። ግን ቢሾፍቱ ባቦጋያ የባሕር ባለሙያ ማሠልጠኛ ገብተው ዛሬ በውጭ አገር መርከቦች ሞተር ክፍል የሚሠሩ ልጆች አሉን። ቀልዱን ያፈረሱት እነሱ ናቸው።

ወደብ የፖለቲካና የድርድር ጉዳይ ነው፤ በሰላም ቢያልቅ የሁላችንም ምኞት ነው። ሙያ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። በየከተማችን በርና መስኮት የሚበይድ ልጅ አለ። ያ ልጅ ብየዳው በራጅ ተመርምሮ የሚያልፍ ባለሙያ እስኪሆን ድረስ፣ ወደብ ብናገኝም ደንበኞች ነን፤ መርከብ ብንገዛም ተከራዮች ነን።

ሻይ ቤቱን ሳልፍ አዛውንቱን ካገኘኋቸው "ጋሼ፣ መልሱን አገኘሁት፤ እኛው ነን የምንሠራት" እላቸዋለሁ። "መቼ?" ካሉኝ ግን ሌላ ሻይ አዝዤ ዝም ማለቴ አይቀርም።

ቸር እንሰንብት።