ስፋትና ጥልቀት በሙያ ምስክርነት

ሰፊው ፈተና ይቅደም ወይስ ልዩው? የሚለው ክርክር የሊኑክስ ባለሙያዎች የምስክር ወረቀት ያመጣው አዲስ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሀገራችን ሊቃውንት ለጥያቄው ሥርዐት ካበጁለት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው አስቀድሞ በንባብ ቤት ፊደሉንና ዳዊቱን ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ጉባኤው ይለያያል፤ ድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ፣ አቋቋም በጎንደር ይመሰከራል። ቅኔ ፈላጊው ግን ወደ ጎጃም ይሻገራል። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስና በመሰሎቹ ጉባኤያት፣ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት እየነገረ ይታረማል። ሙያው ልዩ ነው፤ መሠረቱ ግን የጋራ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩትም ሳያውቀው ወደዚሁ መንገድ ገብቷል። አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ ሁለት ሁለት ፈተና ያላቸው ሲሆኑ፣ የሥርዓት አስተዳደርን በስፋት ይጠይቃሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ በአንድ የጋራ ፈተና ላይ ልዩ ፈተናዎችን የሚያስከትል ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. አደረጃጀቱ ሲለወጥ የጋራው ፈተና ቀረ፤ የመረጃ ደኅንነትን የመሰሉት ዘርፎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ቆሙ። ሆኖም ሁለተኛውን ደረጃ ሳይዝ ለሦስተኛው ምስክር ወረቀት የሚበቃ የለም።

ይህ ሥርዐት ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በቢቸና ወይም በሞጣ በሚገኝ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ብቻ ቢመደብ፣ ኔትወርኩም ሰርቨሩም የተበላሸው ማተሚያም የሚጠብቁት እርሱን ነው። በአንድ ዘርፍ ብቻ የተመሰከረለት ሰው በዚያ ስፍራ ይቸገራል፤ መሥሪያ ቤቱም አብሮ ይቸገራል። በአንጻሩ በታላላቅ ባንኮችና በቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቶች ሥራው ተከፋፍሎ ስለሚሠራ፣ ጥልቀት የሌለው ስፋት አይበቃም።

የፈተናው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚተመን በመሆኑ፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ጀማሪ ቅደም ተከተሉን ቢሳሳት የሚከስረው ቀላል አይደለም። ስለሆነም ማኅበራችን ወጣት አባላቱን ሲመክር፣ በቅድሚያ ሰፊውን ፈተና፣ ቀጥሎም የሚሠሩበት ቦታ የሚጠይቀውን ልዩ ፈተና እንዲይዙ ቢያሳስብ መልካም ነው። ዳዊት ሳይደግም ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ እንደሌለ ሁሉ፣ መሠረቱን ሳይዝ ልዩ ሊቅ ለመባል መቸኮልም አይገባም።